በቀን ሃያ ደቂቃ እንግሊዝኛ፤ ግን በምን ላይ?

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

እንግሊዝኛ መማር የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ወር ይፈጅብኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በወር ሳይሆን በሰዓት ቢሰላ ይሻላል። ስለዚህ ከእሱ ልነሳ።

የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቋንቋ ደረጃ መለኪያ አለ። ስድስት ደረጃ አለው፤ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1 እና ሲ2። ቢ1 የደረሰ ሰው በሚያውቀው ጉዳይ ሐሳቡን ይገልጻል፤ ለጉዞ አይቸገርም። ቢ2 የደረሰ ደግሞ ቋንቋው አፍ መፍቻው ከሆነ ሰው ጋር ብዙ ሳይደናቀፍ ይነጋገራል፤ ለሥራም ለትምህርትም ይበቃዋል። አብዛኞቻችን «እንግሊዝኛ መቻል» የምንለው ይህንኑ ቢ2ን ነው።

ታዋቂውን የካምብሪጅ ፈተና የሚያዘጋጀው ተቋም ለየደረጃው የሰዓት ግምት አለው። ከዜሮ ተነስቶ ቢ1 ለመድረስ ከ350 እስከ 400 ሰዓት፣ ቢ2 ለመድረስ ደግሞ ከ500 እስከ 600 ሰዓት በአስተማሪ የሚመራ ትምህርት ይፈልጋል ይላል። ሰው ከሰው ይለያያል፤ ግምቱ ግን ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከቢ1 ወደ ቢ2 ለመሻገር ብቻ ወደ 200 ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው። በቀን ሃያ ደቂቃ የሚሠራ ሰው በዓመት 120 ሰዓት ገደማ ያገኛል። እንግዲህ አስሉት፤ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። «በሦስት ወር አቀላጥፈው ይናገሩ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ እንዳትታለሉ ነው። በሦስት ወር ያልቻለ ሰው ጥፋቱን ራሱ ላይ ይጥላል። «እኔ ጭንቅላቴ ቋንቋ አይቀበልም» ይላል። ይህ አባባል በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት ነው። የጎደለው ጭንቅላት አይደለም። ዓመት ከምናምን ሊዘልቅ የሚችል የቀን ልማድ ነው።

ብዙ ሰው እንዴት እንደሚጀምር ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ይነሳሳል። ደብተር ይገዛል፣ ሦስት አፕ ያወርዳል፣ በቀን ሁለት ሰዓት ለማጥናት ለራሱ ቃል ይገባል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ይበዛል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ራስ ምታት ይነሳል። ሁለት ሰዓት ስላልተገኘ ዜሮ ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ «ቅዳሜ አካክሰዋለሁ» ይባላል።

ቅዳሜ ግን አያካክስም። ለምን መሰላችሁ? ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት በራሱ ላይ ሙከራ አድርጓል። ትርጉም የሌላቸው አጫጭር ክፍለ ቃላትን ደርድሮ ይሸመድዳል፤ ከዚያ ከሰዓታትና ከቀናት በኋላ ምን ያህሉ እንደቀረለት ይለካል። አብዛኛው የጠፋው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነበር። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ሌላው ውጤቱ ነው። በአንድ ቀን 68 ጊዜ በተከታታይ ደጋግሞ ያገኘውን ያህል ውጤት፣ ድግግሞሹን በሦስት ቀን ላይ ሲበትነው በ38 ጊዜ ብቻ አገኘው። ድካሙ በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረውም። ያው ሰው፣ ያው ጭንቅላት። የተለየው አከፋፈሉ ብቻ ነው። ስለዚህ የቅዳሜው ሦስት ሰዓት ወደ ሳምንቱ ቀናት ቢበተን ሌላ ነገር ይሆናል።

እሺ፣ በየቀኑ ይሁን። እንዴት ነው በየቀኑ የሚደረገው?

እ.ኤ.አ. በ2010 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የታተመ አንድ ጥናት አለ። 96 ፈቃደኛ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ነገር መረጡ፤ ውሃ መጠጣት፣ ትንሽ መሮጥ፣ የመሳሰለውን። ከዚያ ያንን ነገር በየቀኑ ከሚያደርጉት አንድ ሌላ ነገር ጋር አያያዙት። ነገሩ ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። በሰዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነበር፤ ለአንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው ወደ 254 ቀን ይደርሳል። ደግሞ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰው ታይቷል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ዋናው ቁም ነገር «አያያዙት» የምትለው ነች። «በየቀኑ እንግሊዝኛ አጠናለሁ» የሚለው ውሳኔ መያዣ የለውም። መቼ? የት? «ጠዋት ጥርሴን ቦርሼ እንደጨረስኩ፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ስልኬን ለሌላ ነገር ሳልከፍት» ሲባል ግን መያዣ አገኘ። ጥርሳችሁን መቦረሽ አትረሱም፤ እሱ እንግሊዝኛውን ይጎትተዋል። ጠዋት የማይመቸው ሰው ከሥራ መልስ ልብስ ከቀየረ በኋላ ያድርገው። ከመኝታ በፊት የሚለውን ግን አልመክርም። ማታ ሰው ደክሞታል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ቀላሉን ይመርጣል። ቪዲዮ ከፍቶ እያየ እንቅልፍ ይወስደውና «ዛሬም ተማርኩ» ይላል።

እዚህ ላይ ነው ወደ ዋናው ጉዳዬ የምገባው። ሃያ ደቂቃው ተገኘ እንበል። በምን ላይ ይዋል?

ለዓመታት በየቀኑ እንግሊዝኛ የሚሰሙ ሰዎች አሉ። ፊልም ያያሉ፣ ዩቲዩብ ይከታተላሉ፣ ፖድካስት በጆሯቸው ተሰክቶ ይውላል። የሚባለውን ይረዳሉ። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ሲያናግራቸው ግን ይተሳሰራሉ። ልማድ አልጎደላቸውም። ልማዱ አንድ ነገር አይጠይቃቸውም፤ ከራሳቸው ውስጥ እንግሊዝኛ እንዲያወጡ።

ካናዳ ውስጥ ይህ በሰፊው ታይቷል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ከትንሽነታቸው ጀምረው ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ልጆቹ ለዓመታት ፈረንሳይኛ ሲሰሙና ሲያነቡ ኖሩ። መረዳታቸው ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ ልጆች ብዙም አይርቅም ነበር። ሲናገሩና ሲጽፉ ግን መሠረታዊ ስህተት አልለቃቸው አለ። ሜሪል ስዌይን የተባለች ምሁር እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን አይታ፣ መስማት ብቻውን አይበቃም፣ ተማሪው ለመናገርና ለመጻፍ መገደድ አለበት አለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስትሰሙ ቁልፍ ቃላቱን ይዛችሁ ሐሳቡን ትደርሱበታላችሁ። ግሱ ያለፈ ጊዜ ይሁን፣ ቃሉ ነጠላ ይሁን ብዙ፣ ሳታስተውሉት ያልፋል። ስትናገሩ ግን ማለፍ የለም። መምረጥ አለባችሁ።

የማስታወስ ጥናትም ወደዚያው ይመራል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ ጽሑፉን ደግመው አነበቡት። ሌሎቹ ዘግተው የሚያስታውሱትን በወረቀት ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ዘግተው ለማስታወስ የታገሉት በለጡ። ደግሞ ማንበብ «ገብቶኛል» የሚል ስሜት ይሰጣል። ዘግቶ ማስታወስ ደስ አይልም፤ ግን የሚቀረው እሱ ነው።

ስለዚህ የዛሬ ምክሬ ይኸው ነው። ከሃያው ደቂቃ ቢያንስ ግማሹ እንግሊዝኛ ከራሳችሁ ውስጥ የምታወጡበት ይሁን። እንዴት እንደሆነ ልዘርዝረው።

ከመስማት እንጀምር፤ መስማትም ማውጣት ሊሆን ይችላልና። አንድ አጭር ድምፅ ምረጡ፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ጽሑፉ አብሮ ያለው ይሁን። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1959 ለተማሪዎች ብሎ የጀመረው ዝግጅት ነበረ፤ 1,500 ያህል ቃላትን ብቻ እየተጠቀመ፣ በዝግታ ይነበብ ነበር። እንዲህ ያለ ለተማሪ የተዘጋጀ ድምፅ አሁን በኢንተርኔት ሞልቷል። ከሁለቱ ደቂቃ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ አቁሙ። የሰማችሁትን ጻፉ። እንደገና አሰሙት። አስተካክሉ። ሦስተኛ ጊዜ አሰሙት። ከዚያ ብቻ ጽሑፉን ክፈቱና አመሳክሩ።

ምን እንደምታገኙ ልንገራችሁ። «አይ ሹድ ሃቭ አስክድ ኸር» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው እንበል፤ ልጠይቃት ይገባኝ ነበር ማለት ነው። ተናጋሪው ግን እንዲህ ለያይቶ አይላትም። «አይ ሹደቭ አስክተር» ብሎ ይሮጣል። ብዙ ተማሪ «አይ ሹድ አስክ ኸር» ብሎ ይጽፋል። ልጠይቃት ይገባል ሆነ ማለት ነው። ትርጉሙ ዞረ። የጠፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ «ሃቭ» የምትለው ቃልና ያለፈ ጊዜን የምታሳየው የግሱ መጨረሻ። ተማሪው ሁለቱንም በግራመር ፈተና ላይ አሳምሮ ያውቃቸዋል። ጆሮው ግን ገና አላገኛቸውም። ይህን ክፍተት ፊልም በማየት ብዛት አታገኙትም፤ ምክንያቱም ፊልሙ ሳትጽፉት ያልፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ስታመሳክሩ ግን ዓይናችሁ ላይ ይፈጣል። ከዚያ ተናጋሪውን ተከትላችሁ፣ እሱ በሚሮጥበት ፍጥነት፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ በሉት። አምስት ስድስት ጊዜ። በማግስቱ ደግሞ ሳትሰሙ በሉት።

በአንድ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ? አዎ፣ አንድ። ሁለት ከሆነ እሰየው።

ስለ ሰብታይትል አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ የተጻፈ ሰብታይትል ከታች ካለ ዓይን ወደዚያው ይሄዳል፤ ጆሮ ሥራ ይፈታል። ለመዝናናት ከሆነ ይሁን፤ ትምህርት ግን አትበሉት። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ይረዳል።

ሌላው በአማርኛ አፋችንን ለፈታን ሰዎች የሚመለከት ነው። ብዙዎቻችን አዲስ ቃል ስናገኝ አነባበቡን በፊደላችን ጎኑ ላይ እንጽፋለን። ልማዱ የዋህ ይመስላል፤ ዋጋ ያስከፍላል። እንግሊዝኛ አጭርና ረጅም አናባቢ ይለያል። መርከብም በግም በፊደላችን ያው «ሺፕ» ሆነው ይጻፋሉ። መኖርም ትቶ መሄድም «ሊቭ» ይሆናሉ። አንዴ እንደዚያ የጻፈ ሰው ድምፁን ሳይሆን ወረቀቱን ነው የሚያስታውሰው። ድምፅ ያላቸው የስልክ መዝገበ ቃላት አሁን አሉ። ተጭናችሁ ስሙ፣ ድገሙ። ይበቃል።

ወደ ቃላት ልምጣ። ኒውዚላንዳዊው የቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽን ስለዚህ ብዙ ሠርቷል። በእሱ ስሌት ልብ ወለድ ወይም ጋዜጣ ያለ መዝገበ ቃላት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃላት ቤተሰብ፣ ማለትም አንድ ቃል ከእርባታዎቹ ጋር እንደ አንድ ተቆጥሮ፣ ማወቅ ይጠይቃል። ለንግግር ከ6,000 እስከ 7,000። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን የመጀመሪያዎቹ 2,000 ተዘውታሪ ቃላት ብቻ በየዕለቱ ከምንሰማው ንግግር አብዛኛውን ይሸፍናሉ። በቀን አምስት ቃል የያዘ ሰው በዓመት 1,800 አለፈ ማለት ነው። በቀን ሃምሳ የሚሸመድድ ሰው ግን በሳምንቱ ይሰለቻል።

አያያዙ ላይ ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፋው ዘዴ እስካሁን አላረጀም። ቃሉን በካርድ ትጽፋላችሁ፤ አንድ ፊት ላይ አማርኛው፣ በጀርባው እንግሊዝኛው። ክፍል ያለው ሳጥን ታዘጋጃላችሁ። ካርዱን አይታችሁ መልሱን ካወጣችሁት ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ እዚያ የሚጠየቀው ዘግየት ብሎ ነው። ከተሳሳታችሁ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ነገ ይጠየቃል። አሁን ይህንኑ የሚሠሩ አፖች አሉ። ወረቀትም አፕም ያው ነው። ያው የማይሆነው የካርዱ ይዘት ነው። ነጠላ ቃል አትጻፉ። «ዲሲዥን» ብቻ ከምትሉ «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ብላችሁ ጻፉ። «ዲፔንድ» ብቻ ከምትሉ «ኢት ዲፔንድስ ኦን ዩ» በሉ። ስትናገሩ ቃሉ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣላችኋል። ደግሞ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ጠይቁ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መጠየቅ መለየት ነው፤ ቀላል ነው። አፍ ግን በዚያኛው በኩል ነው የሚፈታው።

ግራመር ላይ ብዙ አልቆይም። አስፈላጊ ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ከአንደኛው ገጽ ጀምሮ መጨረስ የቀን ልማድ አይሆንም፤ መሃል ላይ ይቆማል። ስትጽፉና ስትናገሩ የተደናቀፋችሁበትን አንድ ነገር ያዙና የእሱን ገጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። ጥያቄ ይዞ የገባ ሰው ሕጉን አይረሳውም።

አሁን መናገር። «የማናግረው ሰው የለም» ትሉኛላችሁ። ገብቶኛል፤ ለብዙ ሰው እውነት ነው። ብቻችሁን ግን ብዙ መሥራት ትችላላችሁ። ኔሽን ካጠናቸው መልመጃዎች አንዱን ልስጣችሁ። አንድ ርዕስ ያዙ፤ ለምሳሌ ትናንት የሆነ አንድ ነገር። ሰዓት ይዛችሁ አራት ደቂቃ ተናገሩ። ከዚያ ያንኑ ነገር በሦስት ደቂቃ። ከዚያ በሁለት። አዲስ ሐሳብ ማሰብ የለባችሁም፤ ስለዚህ ጉልበታችሁ ሁሉ ወደ አነጋገሩ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዙር ላይ «እእእ» እያላችሁ ትቆማላችሁ። ሦስተኛው ላይ ያው ዓረፍተ ነገር ሳትፈልጉት ይመጣል። ሁሉም አንድ ላይ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይህን ብታደርጉ ለውጡ ራሳችሁን ያስገርማችኋል።

አራት ደቂቃ የከበደው ሰው በአንድ ደቂቃ ይጀምር። በስልክ ይቅረጸው። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ይጎረብጣል፤ በሳምንቱ ይለመዳል። ቀረጻውን ስትሰሙ ሁሉንም ስህተት አትልቀሙ። ልትሉት ፈልጋችሁ ያቃታችሁን አንድ ነገር ፈልጉ። እሱን እንዴት እንደሚባል አጣሩ፣ በካርድ ጻፉት። የነገው ቃላችሁ ከዚህ ይገኛል። ከሕይወታችሁ የወጣ ቃል ነው፤ ከማንም የቃላት ዝርዝር ይበልጣል።

ስለ ማፈርም ልናገር፤ እዚህ ክፍል ውስጥም እንዳለ ስለማውቅ። ሰው ፊት ከመሳሳት ዝም ማለትን የሚመርጥ ብዙ ነው። «አክሰንቴ ይሳቅበታል» የሚል አለ። አክሰንት ከየት እንደመጣችሁ ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንደምታውቁ አይናገርም። በዓለም ላይ እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገረው ሰው አፍ መፍቻው ከሆነው ሰው ይበልጣል። ስለዚህ የምታናግሩት ሰው ራሱ ተማሪ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ጓደኛ ካገኛችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን በስልክ አስር ደቂቃ እንግሊዝኛ ብቻ ለማውራት ተስማሙ። አንዳችሁ ሌላውን መሃል ላይ አታርሙ። እርማቱ ስታበቁ ይሁን። መሃል ላይ የሚታረም ሰው አፉን ይዘጋል።

ንባብንም አልረሳሁም። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ጥናት፣ ፊጂ ውስጥ የገጠር ትምህርት ቤቶች በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፉ የተረት መጻሕፍት በብዛት ተሰጣቸው። ልጆቹ በየቀኑ ለደስታ እንዲያነቡ ተደረገ። ከስምንት ወር በኋላ በንባብና በመስማት መረዳት ከተለመደው በእጥፍ ፍጥነት ተራምደው ተገኙ። ምሥጢሩ መጻሕፍቱ ቀላልና የሚስቡ መሆናቸው ላይ ነው። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት የሚያስከፍት መጽሐፍ ከያዛችሁ ለጊዜው አስቀምጡት። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሦስት የማታውቁት ቃል ብቻ ያለውን ምረጡ። ለተማሪ በየደረጃው የተዘጋጁ መጻሕፍት አሉ፤ ትልቅ ሰው ቢያነባቸው አያሳፍርም። አንብባችሁ ስትጨርሱ መጽሐፉን ዝጉና ያነበባችሁትን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። በቃ፣ ንባቡም ወደ ማውጣት ተለወጠ።

አሁን ወደዚያች ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። ቀን ይዘለላል። ትታመማላችሁ፣ ሐዘን ይገጥማል፣ ሥራ ይደራረባል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አያፈርሰውም። የሚያፈርሰው ከዝላዩ በኋላ የሚመጣው «በቃ ተበላሸ፣ ከሚቀጥለው ወር እንደ አዲስ እጀምራለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ ከወዲሁ የክፉ ቀን ልክ ወስኑ። ለምሳሌ ሦስት ካርድና አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ሁለት ደቂቃ። አልጋ ላይ ሆኖም ይቻላል። የዘለላችሁትን ቀን ለማካካስ በማግስቱ እጥፍ አትሥሩ፤ የተለመደውን ሃያ ደቂቃ ሥሩ።

ሌላ የማስጠነቅቃችሁ፣ የሆነ ቦታ ላይ የቆማችሁ ይመስላችኋል። ብዙውን ጊዜ ቢ1 አካባቢ ነው። ጀማሪ ሳላችሁ በየሳምንቱ ለውጥ ታዩ ነበር፤ አዲስ የተማራችሁት ቃል ወዲያው በየቦታው ይገጥማችኋል። ከፍ ስትሉ ግን አዳዲሶቹ ቃላት በብዛት የማይሰሙ ናቸው፤ ዛሬ የተማራችሁት ከወር በኋላ ሊገጥማችሁ ይችላል። እያደጋችሁ ነው፤ አይታያችሁም እንጂ። ለዚህ መድኃኒቱ ቀረጻ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ስልካችሁን ክፈቱ። ስለ ራሳችሁ አንድ ደቂቃ በእንግሊዝኛ ተናገሩ። ሳትዘጋጁ፣ ሳትጽፉ። ቀኑን ስም አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አታጥፉት። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ርዕስ ሌላ ቅረጹና ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። በእንግሊዝኛ መጠየቅ የሚፈልግ ካለ ይጠይቅ፤ ጊዜ ወስዶ ይናገር፣ እንጠብቀዋለን።